ስድስት ጊዜ «እሺ»

በእኛ ወደብ፣ የባሕር ጠባቂ አምላካችን የማዙን የዕጣን ማጠንቻ ዓመቱን ሙሉ በቤቱ የሚያኖረው አባወራ በየጸደዩ ይመረጣል። ሁለት ቁራጭ እንጨት ይወረወራል፤ እያንዳንዱ አንድ ጎኑ ልሙጥ፣ አንዱ ጎባጣ ነው። አንዱ ልሙጡን፣ ሌላው ጎባጣውን ካሳየ ማዙ «እሺ» ብላለች። ሁለቱም ልሙጥ ከሆነ ስቃለች፤ ሁለቱም ጎባጣ ከሆነ እምቢ ብላለች። «እሺ» በተከታታይ የበዛለት ያሸንፋል።

ዘንድሮ ዘጠና አባወራ ወርውሮ ለዓሣ አጥማጁ ለሊዩ ኩን-ሃይ «እሺ» ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ወጣለት። በማግስቱ ከተማው በሐሜት ተሞላ። የቤተ መቅደሱ ሹም አዛውንቱ ሆንግ፣ ሰውየው እጁን አለማምዶ ነው ብለው ማጠንቻው እሑድ እንዲመለስ አዘዙ። ሐሜት ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ያውም የሰውየው ልጅ ያ-ዩን የእኔ የሒሳብ ተማሪ ናት።

ክፍል ገብቼ «እሺ» የመውጣት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ሁሉም ባንድ አፍ አንድ ሦስተኛ አሉ። መልሱ ሦስት ነዋ፦ እሺ፣ ሳቅ፣ እምቢ። ስድስቴ ደግሞ በዚህ ስሌት ከሰባት መቶ በላይ ተሞክሮ አንዴ ቢገኝ ነው። ከኋላ ቦ-ሃን የሚባለው ለፍላፊ «አባትሽ ክረምቱን እጁን ሲያፍታታ ነው የከረመው» አላት።

ያ-ዩን እንደ ማዙ ዓይነት ሁለት ቁራጭ እንጨት ይዛ ተነሣች። አንዱን እንጨት ቀይ፣ አንዱን ጥቁር ቀብታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም ልሙጥ፣ አንድ መንገድ። ሁለቱም ጎባጣ፣ አንድ መንገድ። ቀዩ ልሙጥ ጥቁሩ ጎባጣ፣ ወይም ተገላቢጦሹ፤ «እሺ» ግን ሁለት መንገድ አለው። ግማሽ ነው ማለት ነው። ልጆቹ አላመኑም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ሲወረውሩ ዋሉ፣ ግማሽ ገደማው «እሺ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ስድስቴ ማለት ከስልሳ አራት አንዴ መሆኑን ቦ-ሃን ራሱ አሰላው።

እሑድ ያ-ዩን በቤተ መቅደሱ ሹሙ ፊት ቆማ ይህንኑ አስረዳች። ዘጠና ሰው ሲወረውር ለአንዱ ስድስት ቢወጣለት የሚገርም እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሆንግ ሰሟትና «እና አንቺ ልጅ፣ ማዙ ማንንም አልመረጠችም ነው የምትይኝ?» አሏት።

ለዚህ መልስ አላስተማርኳትም። አባቷ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ ሆንግ፣ ሒሳቡ ለአንድ ሰው ሊወጣለት እንደሚችል ነው የሚናገረው» አለች። «ያ ሰው ማን እንደሚሆን አያውቅም። አባቴ እንዲሆን ያደረገውን እርስዎ ማዙን ይጠይቋት። እጁ ግን ንጹሕ ነው።»

አዛውንቱ ማጠንቻውን በገዛ እጃቸው አንስተው ለአባቷ አስረከቡት፤ ሰው ሁሉ እየሰማም ይቅርታ ጠየቁት። ኩን-ሃይ ማጠንቻውን አቅፎ አለቀሰ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከደጃፉ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «የእኔ ተማሪ ናት» እያልኩ ቤቴ ደረስኩ።