ሬሳዋን እንቅልፍ ወሰዳት

ያስና በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሞተች መቁጠር ትታለች። የምትተውንበት ፊልም መኪናቸው ተበላሽቶ ሰው በሌለበት ከተማ ስለቀሩ ወጣቶች ነው፤ እሷ ቀድማ የምትሞተዋ ናት። ስትጮኽ ውላ ድምጿ ተዘግቷል። ፊቷ ላይ የቀቧት የውሸት ደም ከአታካማ በረሃ አቧራ ጋር ደርቆ ቆዳዋን ይስባታል።

ያን ቀን ጠዋት ውሃ ሊያመጣ ካላማ ከተማ የሄደው መኪና ሳይመለስ ቀረ። ስልክ አይሠራም። ለስምንት ሰው የተረፈው ግማሽ ጀሪካን ነው። ዳይሬክተሩ ባልዶ ግን ደስ ብሎታል።

«ፊታችሁን አያችሁት? እንዲህ ያለ ድካም በሜካፕ አይገኝም። ያስና፣ ተነሺ፣ በሩን የምትሰብሪበትን እንቅረፅ።»

ፊልሙ የሚቀረፅበት ሰፈር ማዕድን ማውጫ ተዘግቶ ሕዝቡ ሲበተን እዚያው የቀሩት ሽማግሌ ጠባቂ፣ ዶን ኤሪቤርቶ፣ ያስና የያዘችውን መጥረቢያ ሲያዩ ቀረብ አሉ።

«ይሄን በር የቆለፈችው እናቴ ናት። ወለሉን ጠርጋ፣ ሳህኑን አጥባ ነው የወጣችው። መስበሩ ግድ ነው?»

«ፈቃድ አለን እኮ፣ ዶን ኤሪቤርቶ» አለ ባልዶ።

«ፈቃዱማ አላችሁ።»

ያስና መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እምቢ ማለቷ አልነበረም፤ ክንዷ አልታዘዝ ብሏት ነው።

«ቁልፍ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ከፍተው አስገቧት። ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የተቆላ የስንዴ ዱቄት በራሳቸው ውሃ ከስኳር ጋር በጥብጠው ሰጧት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ባልዶ ካሜራውን አስከትሎ ገባ።

«እሺ፣ እዚሁ ሙቺ።»

ወለሉ ላይ ተጋደመች።

«ካት» አለ ባልዶ። አልተነሳችም። ጥቂት ቆይታ ማንኮራፋት ጀመረች። «ቀስቅሷት፣ አንዴ እንድገመው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። «ከሥራ የገባ ሰው እዚህ ቤት ተቀስቅሶ አያውቅም።»

«ፀሐይዋ እየሄደችብን ነው፣ አባባ።»

«ነገም ትመጣለች። ከዚህ ሰፈር ያልለቀቅነው እሷና እኔ ነን።»

ባልዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ እሱም ለካ ደክሞት ነበር።

መኪናው አመሻሽ ላይ መጣ፤ ጎማ ፈንድቶበት ነው። እልል ያለ የለም፣ በተራ ጠጡ። ያስና ስትነቃ የሽማግሌው የሱፍ ፖንቾ ተደርቦባት ነበር። አጣጥፋ መለሰችላቸው።

«ነገ እንደግመዋለን» አላት ባልዶ።

«በቁልፍ ከሆነ እሺ» አለች። እሱም መጥረቢያውን አንስቶ መኪናው ላይ ጫነው።