ቢጫው ክር

ባቡር ይሏታል። አንድ ቦታ ረግታ መቆም አትችልም፤ ካውያው እስኪግል እንኳ እግሯን ታቀያይራለች። በዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት እሷን የሚቀድም ተኳሽ አልነበረም።

እዚያ ተኳሽ ሁሉ የየራሱ ክር አለው። አንሶላውን ተኩሶ ሲያጥፍ ጥጉ ላይ ክሩን ያስራል። የተቃጠለ ከተገኘ ዋጋው ከክሩ ባለቤት ደሞዝ ይቆረጣል። የባቡር ክር ቀይ ነው። ከጎኗ የሚቆሙት የእትዬ ደግሞ ቢጫ።

የእትዬ ቀኝ እጅ ካበጠ ወዲህ የቀን ድርሻቸው አልሞላ አለ። ስለዚህ ባቡር በየቀኑ አሥራ አምስት አንሶላ እየተኮሰች ቢጫ ክር ታስርላቸዋለች። ፎርማኑ እንዳያያትም የምታስረው ጠዋት፣ ገና ሳትተኩስ ነው።

ሰኞ ካውያው ከነዚሁ አንሶላዎች አንዱ ላይ ቆየ። ቡናማ ጠባሳ ቀረ። ደነገጠች። ጠባሳውን ወደ ውስጥ አጥፋ ከክምሩ ሥር ሸጎጠችው። ቢጫውን ክር መፍታት አልታወሳትም።

ዓርብ ደሞዝ ሲከፈል ከእትዬ ላይ ሲሶው ተነሣ።

«እኔ መቼ አቃጠልኩ?» አሉ።

«ክሩ ቢጫ ነው፤ ክር አይዋሽም» አለ ፎርማኑ፣ የተቃጠለውን አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «ቀሪውን ለመውሰድ ደግሞ ይቺን ወረቀት ይፈርሙ። ሁላችሁም እስከ አሥር ሰዓት!»

ወረቀቱን ባቡር አነበበችላቸው። ከድርጅቱ ጋር ቢጣሉ ድርጅቱ የመረጠው ገላጋይ ብቻ ይዳኛቸዋል፤ ፍርድ ቤትም ሆነ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አይሄዱም ይላል።

«ገላጋዩ ማን ነው?» አለች።

«የድርጅቱ ባለቤት አማች። የተከበሩ ሰው ናቸው።»

«ጅብ ዳኛ ከሆነ» አለ አንዱ አጣቢ፣ «አህያ ይግባኝ የምትለው ከሆዱ ውስጥ ነው።»

ሳቁ። ባቡር አልሳቀችም። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ሳትጠጣ ተመለሰች። መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ ተመለሰች። ሰዓቱን አየች፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ። የሌላ ሰው ክር ያሰረ ይባረራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዝም ካለች ደግሞ እትዬ ይፈርማሉ፣ የተቆረጠውም እንደተቆረጠ ይቀራል።

«ልፈርም፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «የቤት ኪራይ አይጠብቀኝም። ደግሞ አቃጥዬው ይሆናል። ይሄ እጅ ምን ይሰማዋል?»

እስክሪብቶውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«ይቆዩ፣ እትዬ! ሰኞ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ካውያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ክሩ ግን—» አለ ፎርማኑ።

«ክሩንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለሳቸው ስተኩስ ከርሜያለሁ።»

«እኔም ለጓደኛዬ አስሬ አውቃለሁ» አለች አንዷ ከወዲያ። ሌላውም ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም።»

ባቡር ወደ ፎርማኑ ዞረች። «ማንም የሚያስረው ክር በማን ላይ ይመሰክራል? እስከ ዛሬ በምን እያረጋገጥክ ነው የቆረጥክብን?»

«አንቺ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!»

እትዬ ግን ፎርማኑን አላዩትም። እሷን ነበር የሚያዩት።

«አምስት ቀን ሙሉ? አጠገቤ ቆመሽ?»

እትዬ እስክሪብቶውን አስቀመጡ፣ ሽርጣቸውን ፈቱ። ደሞዙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የተቃጠለውን አንሶላ ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ፤ ፎርማኑ ሊቀማቸው እጁን ዘረጋ፣ አጣቢው ግን በመሀል ቆመ።

«ዋጋውን ቆርጣችሁባቸው የለ? አንሶላው የሳቸው ነው።»

ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ተከትላቸው የወጣችው ባቡር ትቀድማለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቀድማለች። ሁለተኛውን መንገድ ሲያቋርጡ እትዬ ጠሯት።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?»

«እንዳይዘጋብን ነው። ሰኞ ደግሞ ሥራ የለኝም።»

«ቢሮው ፊት ለፊት ይታያል። ነይ እጄን ያዢኝ» አሉ። ጥቂት ሄዱና ጨመሩ፦ «ያበጠውን አይደለም፣ አንቺ!»