የደቻሳ ቀኖና

ቶለሳ ቢስክሌት የሚነዳው ለሽርሽር አልነበረም። ጣሊያኖቹ ከጉለሌ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ ወደ እንጦጦ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አስጠርገው ነበርና፣ ጎርፍ የበላውን ቦታ እየዞረ አይቶ ለሥራው አለቃ፣ ካፖ ለሚሉት ሰውዬ፣ መናገር ነው እንጀራው። ለዚሁ ብለው አንድ ጥቁር ቢስክሌት ሰጥተውታል። የት ጋ ጠጠሩ እንደ ላላ፣ የት ጋ ውኃ ከሥር እንደ ቦረቦረው፣ ከመቀመጫው ሳይወርድ ያውቃል። ግን ይህ ሙያ በዚያ ዘመን ማንን ያስከብራል? የጠላት ቢስክሌት ላይ ፊጥ ያለ ሰው ባንዳ ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐሜቱ ደግሞ ከቢስክሌቱ ይብስ ነበር። በየካቲቱ እልቂት ማግስት ቶለሳን ከሰፈሩ ወንዶች ጋር አፍሰው ወስደውት ነበር። ሌሎቹ እንደ ወጡ ሲቀሩ እሱ ተለቀቀ። እሱ በተለቀቀበት ቀን ደግሞ ጎረቤቱን ብርሃኔን፣ ለአርበኞች ጥይት ያቀብላል ብለው ከቤቱ ጎትተው አወጡትና ረሸኑት። የጉለሌ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል! ቶለሳ ብርሃኔን ሰጥቶ ወጣ ተባለ፤ አለቀ። ቶለሳ ለምን እንደ ለቀቁት ራሱም አያውቅም። መጀመሪያ መጀመሪያ ይምል ነበር፤ የሚያምነው ሲያጣ መማሉንም ተወው።

ከእልቂቱ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አባቱ ደቻሳ ታመው ተኙ። ነገሩ እየከፋ ሲሄድ እኅቱ ሾዴ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቄስ ልጥራ አለች። ሽማግሌው አሻፈረኝ አሉ። «የንስሐ አባቴን መምሬ ዓምሃን አምጡልኝ። ሳልናዘዝ ከሞትኩ መሬት አትቀበለኝም» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ቶለሳ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም። መምሬ ዓምሃ ያሉት እላይ እንጦጦ ማርያም ነው፤ በእግር ተሄዶ እስኪመጣ ሽማግሌው ይቆያሉ ወይ? ቢስክሌቱን አንሥቶ ዳገቱን ተያያዘው። ሲቀለው እየነዳ፣ ሲከብደው እየገፋ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ።

መምሬ ነገሩን ሲሰሙ ወዲያው ነጠላቸውን አጣፉ። ቢስክሌቱን ሲያዩ ግን ቆም አሉ።

«በዚህ ነው የምንሄደው?»

«በዚህ ነው መምሬ። ሌላ አማራጭ የለም።»

«በቅሎ ቢሆን እኮ ገደል ሲያይ ይፈራል። ይሄ ምን ያውቃል?»

«የሚፈራው እኔ ነኝ፤ ይቀመጡ በቃ!»

አማተቡና ከኋላው መጫኛ ላይ ወጡ። በአንድ እጃቸው የቶለሳን መቀነት፣ በሌላው መስቀላቸውን ጨበጡ። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ መምሬ ደግሞ ጮክ ብለው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ቶለሳ ልቡ ተስፋ አደረገ። በዚህ አያያዝ ሞት አይቀድመንም አለ።

የረሳው ነገር ነበር። ቄስ መስቀል ይዞ መንገድ ላይ ከታየ፣ ያየው ክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም፤ ቄሱም «ያሳልሙኝ» ያለውን ሰው ትቶ አይሄድም። መምሬ ብቻቸውን በእግራቸው ሲሄዱ ይህ ምንም አይደለም። አሁን ግን ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጀምሮ መንገደኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ መሐል መንገድ ይቆማል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን እያወረዱ፣ ጠጠር የሚያለብሱ ሠራተኞች አካፋቸውን እየጣሉ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ግንባሩን ያስነካል፣ ከንፈሩን ያስነካል፣ ከዚያ ደግሞ የመምሬን ጤና ይጠይቃል።

«ሳንወርድ እናሳልማቸው» አለ ቶለሳ። ሞከሩት። መስቀሉ የአንዱን ሰውዬ አፍንጫ መትቶ አደማው፤ ይቅርታ እስኪጠይቁ ይባስ ቆዩ።

«መምሬ፣ አባቴ እየሞተ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን መስቀል የለመነኝን ሰው ጥዬ ብሄድ ለአባትህስ ምን ይዤ እገባለሁ?»

ቶለሳ ቄስ ላይ አይጮህ ነገር! ጥርሱን ነክሶ ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል።

ከወንዙ መሻገሪያ ላይ የቆመችው ዓለምነሽ ነበረች፤ የብርሃኔ ሚስት። ጥቁር ከለበሰች ወዲህ አላወለቀችም። መስቀሉን ተሳለመች፣ መምሬን እጅ ነሣች። ቶለሳን ግን ከነቢስክሌቱ አየችውና ምራቋን ጠጠሩ ላይ እንትፍ ብላ መንገዷን ቀጠለች። ቶለሳ የለመደው ነገር ነው፤ ቢለምደውም ያመዋል።

ቤት ሲደርሱ ደቻሳ ነፍሳቸው አለች። ሁሉም ከቤት ወጣና መምሬና በሽተኛው ብቻቸውን ቀሩ። ቶለሳ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ተመስገን፣ ደረስን፣ አባቴ በሰላም ሊሄድ ነው ብሎ እፎይ አለ። ከቆይታ በኋላ የሽማግሌው ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፦

«ድንጋይ አምጡልኝ! ተሸክማችሁ አውጡኝ፣ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጉልኝ!»

«ወይኔ አባቴን፣ መቃዠት ጀመሩ» አለች ሾዴ። ሮጠው ሲገቡ ሽማግሌው ለመነሣት ክንዳቸውን ተደግፈው ነበር። ክንዳቸው ከዳቸው። ሾዴ ውኃ ልትሰጣቸው ኩባያ ስታነሣ ነፍሳቸው ወጣች።

ቀብሩ እንደ ወጉ ሆነ። ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ባንዳ ቤት ማን ይመጣል። በሣልስቱ መምሬ ዓምሃ ፍትሐት አድርሰው ሲጨርሱ ቶለሳን ለብቻው ወንዙ ዳር ወሰዱት።

«የሰማሁትን አልነግርህም፤ እንዳትጠይቀኝ» አሉት። «የቀረውን ግን ሳልነግርህ አልሄድም። አባትህ ቀኖና ተቀብሎ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሰው እያየው፣ ዓለምነሽ ደጅ ሄዶ ይቅርታ እንዲለምን ነበር። ሳይፈጽመው ሞተ። ልጅ ሊፈጽምለት ይችላል።»

ቶለሳ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው። እሱን በለቀቁበት ቀን ብርሃኔን የወሰዱት ለምን እንደ ሆነ፣ ማን ጣሊያኖቹ ዘንድ ሄዶ የማንን ስም እንደ ተናገረ፣ በምን ለውጥ። አባቱ ልጃቸውን ለማስፈታት ጎረቤታቸውን ብርሃኔን ሰጥተዋል። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ቶለሳን ባንዳ ሲል ሰምተው ዝም ብለዋል። እሱ ሲምል ሰምተው ዝም ብለዋል! ሊጠላቸው ፈለገ፤ እንዳይጠላቸው ደግሞ አሁን የሚተነፍሰው በእሳቸው ኃጢአት ነው።

«መምሬ፣ እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ከሄድኩ እኮ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ብተወውስ?»

«ትተወዋለህ። ማንም የሚጠይቅህ የለም።» መምሬ ይህን ብለው በእግራቸው ወደ እንጦጦ ወጡ።

ቶለሳ ለሾዴ እንኳ አልነገራትም። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቆ፣ ካልተፈለጠው የመንገድ ድንጋይ ክምር አንዱን አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገና ጉለሌን መሐል ለመሐል አቋርጦ ሄደ። ሰው ግራና ቀኝ ቆመ። «አላልኳችሁም!» የሚል አለ። «ኧረ ተው፣ የአባቱ አፈር እንኳ አልደረቀም» የሚልም አለ። ቶለሳ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ዓለምነሽ ደጅ ደርሶ ተንበረከከ።

ወጣች። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ይቅር ያለ ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርዳል። እጇን ግን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

«አንተ ነህ?» አለችው።

የአባቱ ስም ምላሱ ላይ መጣ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ሰፈሩም ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

ዓለምነሽ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ሳትጠርግ «ዛሬ አላወርድልህም» አለችና ወደ ቤቷ ዞረች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ግን፣ «ነገም ና» አለችው።

በማግስቱም ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ።