ገነነ የበረረ ዕለት

እንዳለው በገነነ መቅናት ከጀመረ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ሰው ላይ መቅናት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት ሆኖ፣ በአንድ ማኅበር እየጠጡ፣ በአንድ እድር እየቀበሩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና እያነሣ፣ ውስጥ ውስጡን ማረር ጉልበት ይጠይቃል። እንዳለው ጉልበቱ ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ጣያራ ሜዳ የሚለው ረጅም ጠፍ መሬት አለ። በደርግ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ቁስለኛ ይጫንበታል፣ ነዳጅ በበርሜል ይራገፍበታል። አሁን ከብት ይግጥበታል። እንዳለው በዚያ ሜዳ በር ላይ ስድስት ዓመት ዘብ ቆሟል። ብርዱን ጠጥቷል፣ ዝናቡን ጠግቧል፤ አውሮፕላን ግን ከሩቅ ከማየት በቀር በእጁ እንኳ ነክቶ አያውቅም። ገነነ ደግሞ በርሜል የሚያንከባልል የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ስድስት ወር እንኳ አልሠራም። እሱ ግን በሯል።

በሬያለሁ ይላል ማለት ነው። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ፣ ጭነት የሚያራግፍ ሰው ጎድሎ፣ አንድ ሻምበል ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ ገፍትሮት፣ አሥመራ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። ይህን ወሬ በሠርግ ያወራዋል፣ በተዝካር ያወራዋል፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ሐዘንተኛ ለማጽናናት ያወራዋል። ቡሬ ከላይ ስትታይ ሰፌድ ላይ የተበተነ ምስር መስላ ነበር ይላል። ሰዉም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን በለጠች ነበረች፣ የእንዳለው ሚስት። መቶ ጊዜ የሰማችውን ወሬ እንደ አዲስ እየሰማች ፊቷ ይበራል። ለባሏ ቀልድ እንዲያ ፍክት ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ ደግሞ መምህርት እፀገነት መጣች። ከደብረ ታቦር ተመድባ ቡሬ ታሪክ የምታስተምር ወጣት ናት። የጣያራ ሜዳውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልቁ ታሪኩ ይጻፍ፣ በሜዳው ጫፍ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይቁም፣ በየዓመቱም አንድ ቀን ተሰብስበን እናስበው ብላ ቀበሌውን አስነሣች። መሪጌታ ክንፈሚካኤል የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ። መምህርቷም ደብተሯን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። የገነነን ወሬ ስትጽፍ አንድ ደብተር ጨርሳ ሌላ አስገዛች።

እንዳለው ቤት የመጣች ዕለት፣ እሱ ከማለዳ ጀምሮ ተላጭቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ይጠብቃት ነበር።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ከሜዳው ምን ያስታውሳሉ?» አለችው።

«በሩን።»

«በሩን እንዴት?»

«እከፍተዋለሁ። እዘጋዋለሁ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ያየውን ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን በሩ ብቻ ሆነ። እሷም አንድ መስመር ጽፋ፣ አመስግና፣ ወደ ገነነ ቤት ታጠፈች። እንዳለው የቀሩ ጥያቄዎች እንደነበሯት እርግጠኛ ነበር፤ ገነነ እንደሚመልሳቸውም እርግጠኛ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ተነበበ። «ከዚህ ሜዳ የበረሩ ብቸኛው የአካባቢው ተወላጅ አቶ ገነነ» ይላል ከላይ። ከታች ደግሞ «እንዲሁም ልዩ ልዩ የጥበቃ ሠራተኞች» ይላል።

ልዩ ልዩ! እንደ ሱቅ ዕቃ! እንዳለው እጁን አውጥቶ ሊናገር ፈለገና ቅናተኛ ይሉኛል ብሎ ዋጠው። ቅናተኛ መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ መባሉን ነው የጠላው።

ቤቱ እንደገባ ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ጎተተ። የጦር ሰፈሩ በተበተነ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ይዞት የመጣ የበር መዝገብ አለው፤ የገባው የወጣው ሁሉ በየዕለቱ የተጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ገልጦት አያውቅም ነበር። አሁን ስሙን ፈልጎ፣ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ለመምህርቷ ሊያሳያት ነው። ቅጠሉን እየገለጠ ሲሄድ የካቲት ሰማንያ አንድ ላይ ደረሰ። ገነነ በረርኩ በሚልበት ዕለት እሱ የሌሊት ዘብ ነበር፤ የቀኑን የጻፈው በሕይወት የሌለ ጓደኛው ነው። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። አውሮፕላን በሦስት ሰዓት ገባ፤ በአምስት ሰዓት ወጣ። የተሳፈሩ፦ ቁስለኛ አሥራ አንድ፣ ሐኪም አንድ። ሲቪል የለም።

በሦስተኛው ቀን ገነነ ተመለስኩበት ያለው አውሮፕላንም ተጽፏል። የወረዱ፦ ወታደር ዘጠኝ። ሲቪል የለም።

እንዳለው ሳቀ። ብቻውን፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በለጠች ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምን አገኘህ?»

አነበበላት። ፊቷ ልውጥ አለ።

«ተወው» አለች።

«ለምን እተዋለሁ?»

«ሰውዬው አርጅቷል። ቢበር ባይበር አንተን ምን ጎደለብህ? ስለ ማርያም ብለህ ተወው።»

ሚስቱ ስለ ሌላ ሰው በማርያም ስትለምነው መስማት፣ እስከ ዛሬ ካረረው ሁሉ ይልቅ አነደደው። ያን ጊዜ ሊተወው ትንሽ ቀርቶት ከነበረም፣ ከዚያ በኋላ አልተወውም።

በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰዉ ጣያራ ሜዳ ወጣ። ከደምበጫ ድረስ የመጡ የድሮ ወታደሮች ነበሩ። አንዳንዱ ሰው አጥር አድርጎት የኖረውን የማኮብኮቢያውን የብረት ንጣፍ ነቅሎ ለመታሰቢያ ይዞ መጥቷል። ሰሌዳው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ገነነ የልጁን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጅጌው ጣቱን ሸፍኖት፣ ከፊት ተቀምጧል። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ፤ መምህርቷ ስለ ሜዳው ተናገረች፤ ከዚያም «ጨርቁን የሚገልጡልን ጋሽ ገነነ ናቸው» አለች። ተጨበጨበ።

«አንድ ጊዜ!» አለ እንዳለው።

መዝገቡን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ወጣና አነበበ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ሲቪል የለም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደገማት፤ ሦስተኛም አማረችውና ተወ።

መምህርት እፀገነት ቀርባ መዝገቡን ተቀበለችው፤ አራስ ልጅ እንደሚሰጡት ሰው ነበር እጇን የዘረጋችው። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ሰነድ ይዘው እንዴት ዝም አሉ? ሰሌዳውን እንደገና እናስጽፈዋለን» አለችው። እንዳለው ደረቱ ሰፋ። ገነነ አንገቱን ደፍቷል። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀው ደስታ ይህ ነበር፤ ጣፈጠው።

ግን መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጉዳይ ሳያጣሩ የሚተዉ ሰው አይደሉም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ገነነ ዞሩ።

«መልካም። ሰማይ ካልወጣህ፣ ያን ሦስት ቀን ምድር የት አኖረችህ? እናትህ ሞተ ብላ ደረቷን ስትመታ እኔ ነበርኩ ያጽናናኋት።»

ገነነ ቀና ብሎ ተመለከተ፤ የተመለከተው ግን መሪጌታን አልነበረም፣ እንዳለውንም አልነበረም። ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ነበር። እንዳለውም በዓይኑ ተከትሎት በለጠች ላይ ደረሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መሪጌታ» አለ ገነነ። «ቃል አለብኝ።»

«ቃልህን መልሼልሃለሁ» አለች በለጠችና ተነሣች። «እኛ ቤት ነበር።»

ሰዉ ተንጫጫ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«የአፈሳው ሳምንት ነበር» አለች። «ገነነ ከዘማቾቹ መዝገብ ገብቷል። ቀበሌው ቤት ለቤት ይፈትሻል። እናቱ ሌላ ልጅ የላት። የዘብን ቤት ማን ይፈትሻል ብዬ ጎተራችን ውስጥ ከተትኩት። ዘቦቹ ያን ሳምንት ከሰፈሩ አይወጡም ነበር፣ ባሌም ቤት አልመጣም። ዘማቾቹን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ ሲወጣ የት ነበርክ ብለው እንዳያስሩት፣ ጣያራ ወሰደኝ በል አልኩት። ወሬውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱማ ዋሽቶም አያውቅ፣ ሦስት ቀን አስጠናሁት።»

አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። መምህርቷ ደብተሯን አውጥታ ትጽፍ ጀመር። እንዳለው እልልታውን አልሰማም። እሱ የሚያየው ጎተራውን ነበር፤ ሚስቱ አጎንብሳ፣ በሹክሹክታ፣ ቡሬ ከሰማይ ምን እንደምትመስል ለገነነ ስትነግረው። ለእሱ እንዲህ ያለ ነገር ነግራው አታውቅም። ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ እንደኖረችም አያውቅም ነበር።

«ለእኔስ?» አለ። ድምፁ አሁን ተንቀጠቀጠ። «ሠላሳ አራት ዓመት ለእኔ ያልነገርሽኝ ለምንድን ነው? ምን ነበራችሁ?»

«ምንም አልነበረንም» አለች። «ፈርቼህ ነው።»

«እኔን?»

«መዝገብህን ትወድ ነበር። የገባ የወጣ ሳይጻፍ አይቅር ትል ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ማዕረግ እሰጥሃለሁ ብሎህ ነበር አለቃህ።» ወደ እሱ ጠጋ አለች። «እዚህ ሰው ፊት ያወጣኸው አንተ ነህ፤ እንግዲህ አንተው መልስ። ብነግርህ ዝም ትል ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ይሰማል። ገነነ እንኳ በልጁ እጅጌ ውስጥ እጁን ደብቆ፣ አዎ በል በሚል ዓይን እየለመነው ነበር። አንድ ቃል ነው። ዝም እል ነበር ቢል ማንም አይከራከረውም፤ መዝገብ የለበትም። እንዳለው ግን ያን ሳምንት አለቃው ዘቦቹን ሰብስቦ የተደበቀ ሰው የምታውቁ ንገሩኝ ያላቸውን ጊዜ አስታወሰ። ምንም የሚነግረው በማጣቱ እንዴት አዝኖ እንደነበርም አስታወሰ።

«አልልም ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች በለጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።