ብርቄ የተሸከመችው ድንጋይ

በጋይንቷ ከተማ በአርብ ገበያ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ «ይስማው ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥገና» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቤት የእኔ ነው። ስሜ የወጣው ግን በጥገና አይደለም። ስሜ የወጣው አፕዴት በማጥፋት ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በየወሩ እየተነሣ አፕዴት የሚባል ማስተካከያ ከኢንተርኔት ያወርዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ኢንተርኔት ማለት በስልክ የሚሞላ ጥቅል ነው። ጠዋት የሞላችሁትን ጥቅል እሱ ቁርሱ ያደርገዋል። ደብዳቤ ልትጨርሱ ሁለት መስመር ሲቀራችሁ «ጠፍቼ ልነሣ ነው» ይላችኋል፤ እሱ እስኪነሣ መብራት ይሄዳል። ሰዉ ተማረረ። እኔ የት ገብቼ ምን እንደምነካ አውቃለሁ፤ አንዴ ከነካሁት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አይልም። «ይስማው ጋ ውሰዱት፣ ዝም ያሰኘዋል» ይባል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

በቤቴ አራት ኮምፒውተሮች አሉ፤ በገመድ ተያይዘው በአንድ ፕሪንተር ያትማሉ። አንዱ ላይ ብርቄ ትሠራለች። ብርቄ የእስቴ ልጅ ናት፤ ከከተማው ከመካነ ኢየሱስ ተድራ መጥታ ትዳሩ ሳይሆንላት እዚሁ የቀረች። ጣቷ ፈጣን ነው፣ ንግግሯ ቁጥብ። አባቷ ቄስ ስለነበሩ የግእዝ ቃል ሲገጥማት ፊደሉን አትስትም። የኔታ ገብረ ሚካኤል እሷን የመረጧት ለዚህ ነው።

የኔታ እዚሁ ጋይንት ያለችው የቤተ ልሔም የድጓ ዜማ መምህር ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ከገበያተኛው ጋር መጡና በራፌ ላይ ቆመው፣ «ከእኔ በፊት የነበሩትን መምህራን ታሪክ ላጽፍ ነው» አሉ። «ማን ከማን እንደ ተማረ፣ ማን ምን አይቶ እንዳለፈ። እኔ የሰማሁት ከመምህሬ አፍ ነው። ተጽፎ አያውቅም፤ እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል።»

ከዚያ ጀምሮ አርብ አርብ ይመጣሉ። ግድግዳው ሥር ካለችው ወንበር ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይናገራሉ፤ ብርቄ ትጽፋለች። በእጃቸው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረችም፤ ሁሉም ከልባቸው ነው። አሥራ አንድ ወር፣ ሁለት መቶ ስድሳ ገጽ።

ብርቄ በየምዕራፉ አትመን እናስቀምጥ ትለኝ ነበር። «ቀለም ተወዷል፤ ሲያልቅ በአንድ ላይ» እላታለሁ። ሌላ ቅጂ በእኔ ኮምፒውተር ላይ በተሰካ ዲስክ እየተቀመጠ ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር። ዲስኩን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ብከተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ኅዳር ላይ፣ እኛ የጥገና ሰዎች በምንነጋገርበት ቴሌግራም ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የሚታተመውን ነገር ተራ አስይዞ ወደ ፕሪንተር የሚልክ አንድ ክፍል አለ። የግቢውን ቁልፍ ሁሉ የያዘ ተላላኪ በሉት። ይህ ተላላኪ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ማንም ተራ ፕሮግራም መጥቶ «ክፈት» ቢለው፣ ማነህ ሳይል በሩን ሁሉ ይከፍታል። መድፈኛው ፓች ወጥቷል፣ ዛሬውኑ ጫኑ፣ በተለይ ኮምፒውተሮቻችሁ በገመድ የተያያዙ፣ ይላል። ይህን ያነበብኩት ምሳዬን እየበላሁ ነው። መጠኑን አየሁ፤ የሦስት ቀን ጥቅሌን ይጨርሳል። «ደግሞ ማን ጋይንት ድረስ ይመጣል?» አልኩና ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

መጣ። ጥር ላይ፣ በሠርግ ወር፣ አንድ ረቡዕ ቀን አንዳርጌ የሚባል የእህል ነጋዴ የልጁን የሠርግ መጥሪያ በፍላሽ ይዞ ገባ። እኔ የስልክ ሰሌዳ እየበየድኩ ነበር። ብርቄ ፍላሹን ሰካች፣ መጥሪያውን ከፈተች፣ ሃምሳ ቅጂ አዘዘች። ሠላሳ ምናምኑ እንደወጣ ፕሪንተሩ ቆመ።

«ጋሼ፣ እስኪ ይህን እየው» አለችኝ።

የፋይሎቹ ስም ሁሉ ወደማይነበብ ጭረት ተቀይሯል። ቀጥሎ ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ቀጥሎ የእኔው። ዲስኩም አልተረፈም። «ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፤ መክፈቻውን ከፈለጋችሁ በዶላር ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ዶላር! እኔ ዶላር በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ብርቄ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የየኔታ መጽሐፍ» አለች። ከዚያ ፍላሹን አየች። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰካሁት።»

ራሴን የምጠላው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ። ብርቄ የምትሠራበት አካውንት መብቱ የተቀነሰ ነው፤ ከራሱ ኮምፒውተር አልፎ ሌላውን መንካት አይችልም፤ የቀነስኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳው ቢደፈን ኖሮ ከፍላሹ የገባው ነገር የእሷን ኮምፒውተር አበላሽቶ እዚያው ይቀር ነበር። የእኔ ዲስክ ላይ ያለው ቅጂ ይተርፍ ነበር። ይህን ሁሉ በልቤ እያወቅሁ አፌን ከፈትኩና፣ «ፍላሽ ሳታጣሪ አትሰኪ ብዬሽ አልነበር?» አልኳት።

አንዳርጌ ቆሞ ይሰማል። እንዲያ ብያት አላውቅም። እሷ ግን «ብለኸኝ ነበር ይሆናል» አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

በማግስቱ አራቱንም ኮምፒውተሮች አጽድቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ጥቅል ሞልቼም ፓቹን አስገባሁ። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አላውቅም ልል አልችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አርብ ጠዋት መንገዱን የገብስና የባቄላ ጭነት የያዙ አህዮች ሞልተውታል። የኔታ በመካከላቸው መንገድ እየለዩ ሲመጡ ብርቄ ከቤት ወጣች። አንገቷ ላይ ድንጋይ ነበር፤ ከወንዝ ዳር ያመጣችው፣ የልጅ ራስ የሚያህል። በገበያተኛው ፊት እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሰዉ ነገሩ ገብቶት ቆመ፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚንበረከክ እኛ አገር ልጅም ያውቃል።

«ማነው?» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸው አላደርስ ብሏቸው።

«ብርቄ ነኝ የኔታ። ድንጋይ ተሸክሜ ነው። የነገሩኝን ሁሉ አጠፋሁት። አንድም ገጽ አልቀረም።»

እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱና ድንጋዩን አገኙት። መቋሚያቸውን በብብታቸው ያዙ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከአንገቷ አወረዱት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ተነሺ። እንደገና እንጀምራለን።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት እርምጃ ነበር የሚለየኝ። የኔታ የቆምኩበትን አቅጣጫ ገምተው፣ «ይስማው፣ አንተም አይዞህ፤ ቤትህ ተጎድቷል» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። አሜን!

ድንጋዩ ከዚያ አልተነሣም። በሬን ነፋስ እየመታ ስለሚያስቸግር አንድ ሰው በእግሩ ገፋ አድርጎ አስደገፈበት፤ በዚያው ቀረ። ስገባም ስወጣም እሱን እዞራለሁ።

ብርቄ ጥፋት እንዳለበት ሰው መሥራት ጀመረች። ደንበኛ ፍላሽ በሰጣት ቁጥር በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እኔ ትዞራለች። «ጋሼ፣ ልሰካው?» ትላለች። ሁልጊዜ። በቀን አሥር ጊዜም ቢሆን። እኔም ፓቹን ከጫንኩ ወዲያ ያን ያህል የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ እያወቅሁ፣ ተቀብዬ አገላብጬ አየውና «ስኪው» እላለሁ። ከንስሐ አባቴ ጋርም ተገናኝቼ ነበር፤ ጾም ስለ መግደፌ ነገርኳቸው።

የኔታ አርብ አርብ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ግን ያው አይደሉም። የመጀመሪያው ጊዜ እንደ ምንጭ ይወርድላቸው የነበረው አሁን እየተቆራረጠ ነው። «ይህን ነግሬሽ ነበር?» ይላሉ። «ያን ጊዜ እንዴት ነበር ያልኩት?» ብርቄ የቻለችውን ታስታውሳቸዋለች።

ግንቦት ላይ፣ በአንዱ አርብ፣ ታሪኩ ከስማዳ ከመጡ አንድ መምህር ደረሰ።

«ክፉ ቀን ነበር» አሉ የኔታ። «ገበሬው ለራሱ የሚቀምሰው አጥቶ፣ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ለልመና ዞሮ ባዶውን ይመለሳል። ተማሪዎቹ ታመው ተኙ። ጉባኤው ሊበተን ሆነ። ያን ጊዜ መምህሩ የተማሪ ደበሎ ለበሱ፤ አኩፋዳ አነገቱ፤ በዚያ ሽምግልናቸው በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ደጅ ለደጅ ለመኑ። ለምነው እያበሉ አስተማሩ። የእኔ መምህር ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ናቸው። እሳቸው ባይለምኑ እኔም የለሁም። ስማቸውም መምህር...»

ቆሙ። ጠበቅናቸው። ውጪ አህያ ያናፋል።

«መምህር ማን ነበር ያልኩሽ፣ ልጄ?»

ብርቄ ጣቷን ከኪቦርዱ አነሣች። «መለመናቸው ትዝ ይለኛል የኔታ። ስማቸውን ግን... ጽፌዋለሁ ብዬ በልቤ አልያዝኩትም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይስማው፣ አንተም እዚሁ ነበርህ። አታስታውሰውም?»

እዚሁ ነበርኩ። አንድም አርብ አልቀረሁም። ያ ስም በዚህ ክፍል ውስጥ ሲጠራ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ዘፈን ስሰማ ነበር ይሆናል።

«አላስታውስም፣ የኔታ።»

«እንግዲህ ጠፉ» አሉ፤ ቀስ ብለው። «ከመምህሬና ከእኔ ሌላ ስማቸውን የያዘ አልነበረም።»

ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» አለች። «ይህን ሁሉ ለምነው ላበሉ ሰው፣ ስማቸውን እንኳ...»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩና ድንጋዩን አነሣሁት። በሩ ተንጓግቶ ተዘጋ። ካሰብኩት በላይ ይከብዳል፤ ይህን ይዛ ከወንዙ ድረስ ነው የመጣችው። አንገቴ ላይ ጫንኩትና ብርቄ ወንበር ሥር ተንበረከክሁ።

«ጋሼ! ምን ሆነሃል?»

ነገርኳት። ማስጠንቀቂያውን፣ ምሳዬን፣ ጥቅሉን፣ ማን ጋይንት ድረስ ይመጣል ማለቴን። አፕዴቱን ዘግቼ የተውኩት እኔ እንደሆንኩ። እሷ ፍላሹን መስካቷ ሥራዋ እንደነበር። «አትሰኪ ብዬሽም አላውቅም። በሰው ፊት የዋሸሁብሽ ነው» አልኩ።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «መድፈኛው የወጣው መቼ ነው?»

«ኅዳር።»

«ይህቺ ልጅ የተንበረከከችው?»

«ጥር፣ የኔታ።»

«የኅዳሩ ስንፍና ነው፤ ሰው ይሰንፋል። ጥር ላይ ቆመህ ስታያት ግን አልሰነፍክም።» ቀጥለውም፣ «በሌላ ሰው ቤትስ ዘግተሃል?» አሉ።

«አዎ። አርባ ቤት ቢሆን ነው።»

«ከሰኞ ጀምረህ ትዞራለህ። ትደፍናለህ፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ እያልክ። ከእኔ ወገን ይኸው ነው። ድንጋዩን የምታወርድልህ ግን እሷ ናት።»

ብርቄ አላወረደችልኝም። ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «የኔታ፣ የስማቸውን ቦታ ምን ላድርገው?»

አሰቡ። «ስማቸውን እግዚአብሔር የሚያውቀው መምህር፣ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። የኪቦርዱን ድምፅ ከራሴ በላይ እሰማዋለሁ። ቀጥላ ያን ገጽ እስከ ታች ሞላችው፤ የኔታ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ጉልበቴ ደንዝዞ እዚያው ነኝ። ገጹ ሲያልቅ ሳትዞር ተናገረች።

«ድንጋዩን አውርደው። ይቅርታውን ግን ቆየኝ፤ አሁን አልመጣልኝም።»

አወረድኩት። ገጹን ወዲያው እንዳትም አዘዘችኝ፤ አተምኩት። ወረቀቱ ሞቅ ብሎ ሲወጣ ተቀብላ ያቺን መስመር ለየኔታ አነበበችላቸው።

በሩን መልሼ በድንጋዩ ሳስደግፍ አንድ ደንበኛ ማመልከቻ ላሳትም ብሎ ፍላሹን ይዞ ገባ። ብርቄ ተቀበለችው። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት።

ሰካችው። አልጠየቀችኝም።