ሸማኔው በዘንዶው ሆድ

«ሸማኔው ዛሬ ይሞታል» አለ አስተርጓሚው ወልዱ፣ የሥራ ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ምሳ አስብበት።»

ሊካሳ መሮውን ከድንጋዩ ላይ አነሣ። «የትኛው ሸማኔ፣ አቶ ወልዱ?»

«አታሞኘኝ። ዘንዶው ሆድ ውስጥ ያለው ነዋ።»

የካዛንቺስ ስም ገና በሰው አፍ አልተሟሸም ነበር። ለኢጣሊያ ሹማምንት ከሚሠሩት ቤቶች ግማሾቹ ጣሪያ አልነበራቸውም። ሊካሳ ማለዳ ማለዳ ከቂርቆስ እየመጣ ድንጋይ ይጠርባል፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ ቆሎ ለሚቆረጥሙት ባልደረቦቹ ተረት ያወራል። ቀን ተረት ማውራት ድህነት ያመጣል ይባላል። እሱ ግን ከዚህ ወዲያ ምን ሊመጣ ብሎ ነው የጀመረው።

ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ አንድ አገር ገብቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲውጥ ይሰነብታል። ከተዋጡት አንዱ ሸማኔ ነው። ሸማኔው መውጫ እንደሌለው ሲያውቅ እዚያው ሆዱ ውስጥ የመቀመጫ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ መወርወሪያውን አንሥቶ፣ ሸማውን መሥራት ይጀምራል። ዘንዶውን ይኮረኩረዋል እንጂ ነገሩ አይገባውም።

ተረቱ ይኸው ነበር። ሊካሳ ሦስት ቀን ያለው ተረት ሁልጊዜ ሦስት ስለሚል ነው፤ ሰባት ራስ ያለውም ስድስት ስላነሰበት ነው። ሰሚዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የየካቲቱ እልቂት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ከተማው ሦስት ቀን ሲታረድና ሲቃጠል ያላየ ከመካከላቸው አልነበረም። እሱ ሰሙን ብቻ ሰጣቸው፤ ወርቁን እነሱ ከየቤታቸው ይዘው መጡ። በማግስቱ ሰባቱን ራሶች ለሰባት መኮንኖች አከፋፍለው አገኛቸው፤ የሦስቱን ስም እሱ ከዚያ በፊት ሰምቶም አያውቅ። «ኧረ ዘንዶ ነው» ሲላቸው «አዎ፣ ዘንዶ ነው» ብለው ይጠቃቀሱበታል።

«ጣሊያኑ ካቦ ዛሬ አብሮን ይቀመጣል» አለ ወልዱ። «እየተረጎምኩ አሰማዋለሁ። የተዋጡት ሁሉ ተፈጭተው አለቁ፣ አንድም አልተረፈም ትላለህ። አለዚያ ነገ ካራቢኜሪዎች ይጠይቁሃል። ካራቢኜሪ የጠየቀው ሰው ደግሞ ወደ ሥራው ሲመለስ አላየሁም።»

«ተረት እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ ሥራዬ መተርጎም ነው፤ ማመን አይደለም።»

ሊካሳ እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ድንጋይ አበላሸ። እየተነሣ ይቀመጣል፣ መሮውን አስቀምጦ መልሶ ያነሣል። ሸማኔውን መግደል አልከበደውም፤ ራሱ የፈጠረውን ሰው ራሱ ቢቀብረው ማን ይከሰዋል? የከበደችው አጸደ ናት።

አጸደ ለኖራው ውሃ የምታመላልስ ባልቴት ናት። ልጇን ገብረአምላክን በዚያ የካቲት ለገሃር አጠገብ በካሚዮን ጭነው ሲወስዱት በዓይኗ አይታለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ባለፈው ሳምንት ሊካሳን አሸዋው ክምር ጀርባ ጠብቃ «ሆዱ የት ነው? ባሕር ማዶ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጇ ጭነት አውራጅ እንጂ ሸማኔ እንዳልነበረ ቢያስታውሳት «ታዲያ በሥራው ልትጠራው ኖሯል?» ብላ ብልሃቱን አደነቀችለት። በማግስቱ ከሏን አውልቃ መጣች።

በምሳ ሰዓት ካቦው ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና ሲጋራውን ለኮሰ። ሊካሳ መሐል ቆመ።

«ከዚያ ዘንዶው ወንዝ ወርዶ ውሃ ጠጣ» አለ። «የዋጣቸው ሁሉ ተፈጭተው አለቁ። ሸማኔውም ሞተ። አለቀ።»

ወልዱ ተረጎመ። ካቦው አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሸማውስ ምን ሆነ ይልሃል።»

«አብሮ ተፈጨ።»

ካቦው ቅር ብሎት ተነሥቶ ሄደ። ወልዱም ግንባሩን ጠርጎ ተከተለው።

ሊካሳ እንደምንም ቀና ብሎ ሰዉን አየ። ያዘነ ፊት ፈለገ፤ አላገኘም። ቆሎው እንደ ወትሮው ይቆረጠማል።

«ገባን» አለ ግንበኛው ነጋሳ፣ ሳያየው።

«ምኑ?»

«አስተርጓሚው አጠገብህ ቆሞ ሞቱ ካልክ፣ በቃ፣ አሉ ማለትህ ነው።»

«ነጋሳ፣ ሞቱ እኮ ነው ያልኩት።»

«ጎሽ። እንደሱ ጮክ ብለህ በል።»

አጸደን ፍለጋ ወደ አሸዋው ክምር ሄደ። ቀድማው እዚያ ቆማለች፤ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ታቅፋለች።

«እትዬ አጸደ፣ ይስሙኝ። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ስለ ገብረአምላክ የማውቀው አንዳች ነገር የለም።»

አጸደ ግራና ቀኟን ገልመጥ አደረገች። «ደግ አደረግህ፣ ልጄ። እዚህ ቦታ እንዲህ ነው መባል ያለበት።» ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረውን እጁ ላይ አኖረችው። «በሶ ነው። መንገዱ ቢረዝምም አይበላሽም። እነሱ ወዳሉበት ለሚሄደው ሰው ስጥልኝ።»

ሊመልስላት እጁን ሲዘረጋ ባልዲዋን አንሥታ ሄዳለች። ቋጠሮው ከበደው፤ የአንድ ሰው የሳምንት ስንቅ ይሆናል፣ ላየው ሰው ጫካ ላለ አርበኛ የተቋጠረ ይመስላል። የሚደብቅበት ፈልጎ ዘወር ሲል ወልዱ በር ካልተገጠመለት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«በሶ ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያ ቀን ከእውነት ሌላ የተናገረ አይመስለውም፤ ሸማኔው ሞተ ካለው በቀር።

ወልዱ ቀርቦ ቋጠሮውን በጣቱ ጫን አደረገው።

«ለማን?»

ከወልዱ ትከሻ በስተኋላ፣ አጸደ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ ቆማለች። እሷም መልሱን ትጠብቅ ነበር።