አርባ ቀን ያለ እኔ

በዚያ ጠዋት እንደ ወትሮው አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። የላምባ ማሞቂያውን ለኮስኩ፤ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ከደጃፍ ሁለቱን የወተት ጠርሙሶች አስገባሁ፤ የአንዱን ክዳን ወፎች በመንቁራቸው በስተው ከላይ የሰፈፈውን ቅባት ጠጥተውታል። ፌብሩዋሪ 1971 ነበር፤ የሰፈራችን የላድብሮክ ግሮቭ ሰማይ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ውሃ ደፍርሷል። ከፈረሰ ቲያትር ቤት የተገዛ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ነበረኝ፤ ከሱ ለወንዶች ረጃጅም ካፖርት እየሰፋሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ ገበያ አወጣዋለሁ። የዚያን ቀን እጅጌ መግጠም ነበረብኝ።

ሻይ ቀድቼ ወደ ላይ ልወጣ ስል ባሌ ጌርዊን ደረጃው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ሆድ ያማል" አለ።

ለምን እንዲህ እንደ ተናገረ ለማስረዳት የቤቱን ሕግ መንገር አለብኝ።

ብዙ ሆነን በጋራ የምንኖርበትን ቤት የሚመራው ኖርማን ክሌግ ነበር። ኖርማን አሥር ዓመት የጋዝ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ሠርቷል፤ ከዚያ የአስማት መጻሕፍት አነበበ፣ ጢሙን አሳደገ፣ ሥራውን ተወ። እኔ የሰፋሁለትን ሐምራዊ ካባ ለብሶ ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ብርድ ሲሆን ከካባው ሥር እናቱ የሠራችለትን ሹራብ ይደርባል። ክፉ ሰው አልነበረም። በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ሁላችንንም ሳሎን ሰብስቦ ለአርባ ቀን "እኔ" ከዚህ ቤት ይውጣ አለ። "እኔ" ብቻ ሳይሆን "የኔ"፣ "ለኔ"፣ "በላሁ"፣ "አመመኝ"፤ ወደ ተናጋሪው የሚመለስ ነገር ሁሉ። የጥንት አስማተኞች ቃሉ ሲያመልጣቸው ክንዳቸውን በምላጭ ይበጡ ነበር አለ። እኛ የእጅ አንጓችን ላይ ላስቲክ አሰርን፤ ቃሉ ያመለጠው ሰው ላስቲኩን ስቦ ይለቀዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት በሣቅ አለቀ።

"ሽንት ቤት ሰው አለ?" ይላል አንዱ በሩን እያንኳኳ።

"አንድ ሰው አለ።"

"ማን?"

"አንድ የተቸገረ ሰው።"

ቀስ በቀስ እርስ በርስ መጠማመድ የቤቱ ጨዋታ ሆነ። ፌኔላ ከሁላችንም ትብስ ነበር። ካሜራዋን ተሸክማ ስለ አርባው ቀን ፊልም ትቀርጻለች፤ በዚያው "ይሄ የሚሸት ካልሲ የማን ነው?" ትላለች። "የ..." ብሎ የጀመረ ላስቲኩን ይስባል። ጌርዊን ድሮ "የኔ ወፍ" ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ ሕጉ ከመጣ በኋላ "ወፊቱ" ሆንኩ።

"ወፊቱ፣ የሰውዬውን ሸሚዝ አይተሻል?"

"የትኛውን ሰውዬ?"

"ሸሚዝ የሌለውን።"

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ላቲንና ግሪክኛ ነው። በኖርማን አስማት አላመንኩም፤ ሰዋስው ግን አውቃለሁ። ላስቲኬን አንድ ጊዜ እንኳ ስቤ አላውቅም። ኖርማን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆመ "ሔስተርን እዩአት፣ የለችም እኮ" ይል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ሕጉን የጠበቅሁበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጌርዊን ይጠጣ ነበር። የአንድ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነው፤ ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ሰክሮ ወድቋል። ባንዱ ሌላ ሰው መፈለግ ጀምሮ ነበር። እኔም እኅቴ ዘንድ የምሄድበትን ባቡር ሰዓት ጠይቄ ነበር። ዌልስ ያሉት ቄስ አባቱ በጸሎት፣ ሐኪም በክኒን፣ እኔ በልመና ያላስተውነውን መጠጥ ሕጉ በወጣ ቀን ተወው። ምን እንዳስተወው ሲጠየቅ "የሚጠጣው ሰውዬ ስሙ ጠፋበት" አለ። ሠላሳ አምስት ቀን ጠብታ አልቀመሰም። አርባው እስኪሞላ በጣቴ እቆጥር ነበር። ሕጉ ከተነካ እሱም አብሮ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር።

እናም "ሆድ ያማል" ሲለኝ፣ "የማን ሆድ?" አልኩት። ከልቤ ነበር የጠየቅሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ፈገግ አለ። "አያያዝሽ ጥሩ ነበር፣ ወፊቱ" አለኝ። "ሰውዬው አይያዝም። ሆድ የሆድ ነው።"

ወጥመድ መስሎታል።

ኖርማን ሳሎን ሆኖ ሰምቶታል፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። በነዚያ ሳምንታት ጌርዊን እንዲህ ያለ ነገር ይናገር ነበር፤ "ዝናብ ሰለቸ"፣ "ጣት ቁልፉን ናፈቀ"። ኖርማን ሁሉንም ይመዘግባል። ቁርስ ላይ፣ ፌኔላ ካሜራዋን ባስነሣች ጊዜ፣ "እስቲ ያን ነገር ድገመው" አለው።

"ሆድ ያማል" አለ ጌርዊን።

"'አመመኝ' ሲባል ሕመሙ የአንድ ሰው ነው" አለ ኖርማን ዳቦው ላይ ማርጋሪን እየቀባ። "'ያማል' ሲባል የዓለም ነው።"

"የዓለም ሆድ" አለች ፌኔላ ከካሜራው ጀርባ። "ርዕስ ይሆናል።"

"የዓለም ሆድ ቁርሱን አልነካም" አልኩ።

"ሰውነት በስድስተኛው ሳምንት ያምፃል" አለ ኖርማን። " ሠላሳ ዓመት የነገሠ ዙፋኑን እንዲሁ በቀላሉ ይለቃል?"

ጌርዊን ሣቀ። ሲሥቅ ቀኝ ጎኑን በእጁ ደገፈ። እጁን አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ባንዱ ምድር ቤት ለልምምድ መጣ። ጊታር ተጫዋቹ ሮሎ የቤቱ ሰው ስላልነበረ በሕጉ ያሾፍ ነበር። "ሆድ ከአገር ይሰፋል" አለና ሁለቱን የጌርዊን ቃላት አዝማች አድርጎ ይዘፍናቸው ጀመር። ጌርዊን ኦርጋኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ተጫወተ። እንደዚያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ከላይ ሆኜ በወለሉ በኩል ሰማሁት፤ አምስት ቀን ብቻ ቀረ እያልኩ እሰፋ ነበር።

በማግስቱ አልተነሣም። ትኩሳት ነበረው። ኖርማን የገብስ ውሃ በሎሚ አፍልቶ አመጣለት፣ እግሩን በብርድ ልብስ ጠቀለለለት፣ አልጋው አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጠ።

"ሐኪም ይጠራ" አልኩ።

"ይጠራ?" ብሎ ኖርማን ጌርዊንን ጠየቀው። እውነት ለመናገር እሱ ይጠራ ቢለው ሮጦ ነበር የሚጠራው።

ጌርዊን ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። "ሐኪም 'የት ጋ ነው የሚያምህ' ይላል። ሰውዬው ይያዛል" አለ። "አራት ቀን ነው የቀረው፣ ወፊቱ። አራት ቀን ይቻላል።"

እጄን ያዘ። እጁ ይፋጃል። በስድስት ዓመት ትዳራችን የጀመረውን ነገር ልጨርስ ብሎ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሙን ሳልጠራ ቀረሁ።

አልጋ በያዘ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕመሙ ተወው። "ቀለል ብሏል" አለ፤ ሁለት ማንኪያ ሾርባም ዋጠ። ኖርማን ደረጃው ላይ ተቀምጦ በደስታ አለቀሰ። ፌኔላ የጌርዊንን ፊት በመስኮቱ ብርሃን ቀረጸችው። እኔም ወርጄ እጅጌውን ገጠምኩ። ትርፍ አንጀት በፈነዳ ጊዜ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ቀለል እንደሚል ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከንፈሩ ጠቆረ። ሆዱን ስነካው እንደ ሳንቃ ደርቋል። ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ወረድኩ። ኖርማን ደረጃው ግርጌ ቆሟል፤ ፌኔላ ካሜራዋን ይዛ አጠገቡ ናት። የመኝታ ቤታችን በር ከላይ ክፍት ነው፤ ጌርዊን ይሰማኛል።

ወደ ሰፈሩ ሐኪም ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሣው እሱ ራሱ ነበር።

"እዚህ ቤት አንድ ሰው በጣም ታሟል" አልኩ። "ሆድ ነው።"

"ማነው የታመመው?"

"አንድ ሰውዬ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።"

"እርስዎስ ማን ነዎት?"

"ሔስተር ፑው ነው ስሙ።"

"የማን ስም? የታማሚው?"

"አይደለም። እየተናገረች ያለችው ሴት ስም።"

ከጀርባው ሬዲዮ ይሰማል።

"ለታማሚው ምኑ ነዎት?"

"ሚስት አለችው። እየተናገረች ያለችው እሷው ናት።"

"ቆይ፣ ያ ባለፈው መኸር 'ሰዓት ነኝ' ብሎ ግድግዳ ላይ ልሰቀል ያለው ልጅ ያለበት ቤት አይደለም?"

"ነው። ግን እሱ..."

"ምን ዓይነት ዕፅ ነው የወሰዳችሁት?"

"ማንም ምንም አልወሰደም። ለአርባ ቀን..."

"እመቤት" አለ፤ ድምፁ ደክሞታል እንጂ አልተቆጣም። "የወሰዳችሁት ነገር ይልቀቃችሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክሊኒኩ ይከፈታል፤ ይዛችሁት ኑ። እስከዚያ ውሃ ይጠጣ።"

ዘጋው።

"ባሌን አመመው፣ እባክዎ።" ሦስት ቃል ነበር። ለሦስት ቃል ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ግን የላይኛው በር ክፍት ነበር፤ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ላስቲኬም እንዳልተነካ ነበር። ከነዚህ የትኛው አፌን እንደያዘኝ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

"ምን አለ?" አለ ኖርማን።

"ነገ አለ።"

"ነገ ጥሩ ነው" አለ፤ እንደማያምንበት ግን ከፊቱ ታየኝ። ሁለታችንም ቆመን ስልኩን አየነው።

ወደ ላይ ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጌርዊን ዓይኑን ጨፍኖ "ሰማ ሰውዬው" አለኝ። "ጎበዝ ነሽ። አንዴም አልተያዝሽም።" አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደዚያ ተቀመጥኩ፤ እጁ ከመፋጀት ወደ መቀዝቀዝ ሲሄድ በእጄ ውስጥ ተሰማኝ። አረንጓዴ ነገር ሲያስመልሰው ተነሥቼ ወረድኩ፤ የአምቡላንሱን ቁጥር መታሁ።

"ባሌ ነው" አልኩ። "እኔ ሚስቱ ነኝ። ባሌ ሊሞትብኝ ነው።"

ላስቲኩን ሳቢ ያለኝ የለም። ኖርማን ካባውን አውልቆ በሹራቡ መንገድ ላይ ወጣ፤ አምቡላንሱ ሲመጣ በሁለት እጁ ይጠራ ነበር። ፌኔላ ካሜራዋን መሬት ላይ አስቀምጣለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ቀዶ ሐኪም ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።

"ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነበር?" አለኝ። "አመመኝ አላለም?"

"ያማል ብሎ ነበር።"

"ታዲያ?"

የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት አስፈርሞኝ ገባ።

አንዲት ነርስ የጌርዊንን ልብስ ከፈታች በኋላ አንጓው ላይ ያለውን ላስቲክ በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ጌርዊን ዓይኑን ገለጠ።

"ሔስተር" አለ። "ፈራሁ።"

ወዲያው የግራ እጁ ጣቶች የቀኝ አንጓውን ዳበሱ። ላስቲኩን ይፈልጉ ነበር። አንጓውን በመዳፌ ሸፈንኩት። "ግድ የለም" አልኩት። "ግድ የለም፣ በል፣ የፈለግኸውን በል።" በሩ ተከፈተ፤ እጁን ከእጄ አላቀቁት። ከዚያ ወዲህ ሲናገር አልሰማሁትም። የትርፍ አንጀቱ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ረፋዱ ላይ ሞተ። አርባኛው ቀን መሆኑን ያስታወሰው ኖርማን ነው፤ እኔ መቁጠር ትቼ ነበር።

መኸር ላይ ፌኔላ መጥታ ፊልሙን ላሳየው ወይስ ላቃጥለው ብላ ጠየቀችኝ። ፊልሙ የእሷ፣ ፊቱ የእሱ ነው፤ አቃጥይው የማለት አቅም አልነበረኝም። ምድር ቤት ያለች አንዲት ሲኒማ ቤት አሳየችው። ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ቀይ ካፖርት የለበሰም አየሁ። ቁርሱ ጋ ሲደርስ ጌርዊን ወደ ካሜራው ዞሮ "ሆድ ያማል" አለ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። የክፋት ሣቅ አልነበረም፤ ፊቱ ድሮም ሰው ያስቃል። ቆም በሉ ልላቸው አሰብኩ፤ ግን ሰዎቹ ምንም አላጠፉም፣ ፊልሙም ቢሆን የሚቆም አልነበረም። አጠገቤ ያለችው ሴት እንባዋን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ይሄ ሰውዬ ግሩም ነው። የት ነው የሚጫወተው?"

"አላውቅም" አልኳት።

ኖርማን አሁን ብሪስቶል አጠገብ አትክልት እያበቀለ ይሸጣል። በየዓመቱ ይጽፍልኛል፤ ደብዳቤው ሁልጊዜ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ብሎ ይጀምራል፤ እኔም ደኅና መሆኔን ገልጬ እመልስለታለሁ። ፌኔላ አግብታ ሁለት ሴት ልጆች ወልዳለች። ባንዱ ሌላ ኦርጋን ተጫዋች አግኝቶ ሁለት ሸክላ አወጣ። ቤቱ ነጭ ቀለም ተቀብቶ እዚያው ቆሟል። ጌርዊን የለም።